«በእኔ ኃጢአት ይሆን?»
ልጃቸውን በሞት ላጡ እናቶች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው ወራት ዘመነ ጽጌ ነው። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ከዮሴፍና ከሰሎሜ ጋር በረሃ ለበረሃ መንከራተቷን እናስባለን። ካህናቱ ማኅሌተ ጽጌ ቆመው ያድራሉ። ጾሙ የፈቃድ ጾም ቢሆንም ብዙ እናቶቻችን ስደቷን እያሰቡ ይጾሙታል። ኅዳር 6 ቀን ደግሞ በዓለ ቁስቋም ይከበራል።

ታዲያ ስደቱን ስናስብ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው ነገር አለ። በዚያች ሌሊት ልጇን ይዛ የወጣች እናት አንዲት ናት፤ በቤተ ልሔም የቀሩት ግን ብዙዎች ነበሩ። ሄሮድስ ሁለት ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑትን ወንዶች ሕፃናት ሁሉ በሰይፍ አስፈጃቸው (ማቴ. 2፥16)። ቤተ ክርስቲያናችን እነዚያን ሕፃናት ጥር 3 ቀን ታስባቸዋለች። እናቶቻቸውንስ ማን ያስባቸዋል? እነዚያ እናቶች በማግሥቱ እንዴት ነጋላቸው? ባዶውን አልጋ እያዩ፣ ጡታቸው ወተት አግቶ፣ «ምነው ይዤው በሸሸሁ! ምነው በደበቅሁት!» ሳይሉ ቀሩ?

ዛሬም በመካከላችን እንዲህ የሚሉ እናቶች አሉ። በቅዳሴ ሰዓት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዓምዱ ሥር ቆመው ድምፅ ሳያሰሙ የሚያነቡ አሉ። የልጃቸው ሞት ብቻ አይደለም የሚያስለቅሳቸው። «ምን በድዬ ነው? በእኔ ኃጢአት ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ከሞቱ በላይ ያቃጥላቸዋል። ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ለእነርሱና በዙሪያቸው ላለነው ለሁላችን ነው።

ራሔልን ማንም ስለ ልቅሶዋ አልወቀሳትም

ወንጌላዊው ማቴዎስ የቤተ ልሔምን እልቂት ከተናገረ በኋላ የነቢዩ ኤርምያስን ቃል ያመጣል። ራሔል ስለ ልጆቿ ታለቅሳለች፤ የሉምና መጽናናትን አልወደደችም (ማቴ. 2፥18፤ ኤር. 31፥15)። ራሔል የያዕቆብ ሚስት ናት፤ ብንያምን ስትወልድ በምጥ ሞታ በቤተ ልሔም መንገድ ተቀበረች (ዘፍ. 35፥16-19)። ስለዚህ የቤተ ልሔም እናቶች ሁሉ ልቅሶ በእርሷ ስም ተጠራ።

እስቲ ልብ በሉ! መጽሐፍ ቅዱስ ራሔልን «ለምን አልተጽናናሽም? እምነት የለሽም ወይ?» ብሎ አልወቀሳትም። እንባዋን መዘገበላት እንጂ አላሳፈራትም። ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር አጠገብ እንባውን አፍስሷል (ዮሐ. 11፥35)። ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ አለቀሰ! እንግዲህ «ክርስቲያን አያለቅስም» የሚል ካለ ከየት አመጣው? ሐዋርያው ጳውሎስ የከለከለው ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች ማዘንን ነው (1ኛ ተሰ. 4፥13)። ፊት መንጨት፣ ደረት መድቃት፣ ራስን መሬት ላይ መጣል የተከለከለው ለዚህ ነው። እንባ ግን አልተከለከለም።

ነቢዩ ኤልያስ ምን መለሰ?

«በእኔ ኃጢአት ይሆን?» ብላ የጠየቀች እናት በመጽሐፍ ቅዱስ አለች። የሰራፕታዋ መበለት ናት (1ኛ ነገ. 17)። ነቢዩን በረሃብ ዘመን ያስጠጋች፣ ከመጨረሻው እፍኝ ዱቄቷ ጋግራ ያበላች ደግ ሴት ነበረች። አንድ ልጇ ታሞ ሞተባት። ያን ጊዜ ወደ ኤልያስ ዞራ ኃጢአቴን ልታሳስብና ልጄን ልትገድል መጣህን ብላ ጮኸችበት። አያችሁ? ማንም ሳይከሳት ራሷን ከሰሰች። የወላድ አንጀት እንዲህ ነው፤ ሌላ ተጠያቂ ሲያጣ ራሱን ይጠይቃል።

ኤልያስ ምን መለሰላት? «አዎ፣ በኃጢአትሽ ነው» አላለም። «ተይ፣ እንዲህ አይባልም» ብሎም አልተቆጣም። ልጅሽን ስጪኝ አላት። ከብብቷ ወስዶ፣ ወደ ሰገነቱ አወጣው፤ በገዛ አልጋው አስተኝቶ ስለ እርሷ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ። ለጥያቄዋ መልስ አልሰጣትም፤ ሸክሟን ግን ተሸከመላት። የእግዚአብሔር ሰው ሥራ ይህ ነው።

ሁለተኛው ምስክር ነቢዩ ኤልሳዕ ነው (2ኛ ነገ. 4)። የሱነሟ ሴት ልጇ በጉልበቷ ላይ ሞቶባት ወደ ኤልሳዕ ሮጠች፤ ደርሳም እግሩን ጨበጠች። አገልጋዩ ግያዝ ሊያርቃት ቀረበ። ኤልሳዕ ግን ነፍሷ አዝናለችና ተዋት አለው፤ እግዚአብሔርም ነገሩን ከእኔ ሰውሮታል፣ አልነገረኝም አለ። ሙት ያስነሣ ነቢይ እንዲህ ካለ፣ ዛሬ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ «ይህ የመጣባት በእንዲህ ያለ ነገር ነው» የሚል ሰው ከማን ሰምቶ ነው? ከኤልሳዕ የተሰወረው ለእርሱ ተገለጠለት እንዴ?

የዳዊትስ ልጅ?

«ንጉሥ ዳዊት በቤርሳቤህ በሠራው ኃጢአት ልጁ ሞቶ የለም ወይ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። እውነት ነው (2ኛ ሳሙ. 12)። ነገር ግን ለዳዊት ያን የነገረው ጎረቤት አይደለም፤ በራሱ ግምትም አልደረሰበትም። እግዚአብሔር ነቢዩ ናታንን ልኮ ነው የነገረው። ለአንድ ሰው በነቢይ አፍ የተነገረን ፍርድ አንሥቶ በእያንዳንዷ እናት ላይ መጫን ከመጽሐፉ በላይ መናገር ነው። እግዚአብሔር በነቢዩ በሕዝቅኤል አድሮ ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም አስተምሯል (ሕዝ. 18፥20)። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው «እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ኃጢአት የሠሩት?» ብለው ሲጠይቁ ጌታችን እርሱም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ አፋቸውን ዘግቷል (ዮሐ. 9፥1-3)።

ወደ ቤተ ልሔምም እንመለስ። እነዚያ ሕፃናት የሞቱት በእናቶቻቸው ኃጢአት ነውን? አይደለም፤ በሄሮድስ ጭካኔ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕፃናቱን ሰማዕታት ትላቸዋለች እንጂ እናቶቻቸውን በደለኞች አላለቻቸውም።

ሕፃናት በምን ይሞታሉ?

የምናውቀውን ነገር ማወቅም ከከንቱ ክስ ያድናል። በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ይህም ከስድስት ሕፃናት አንዱ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል፤ ከ15 ሕፃናት አንዱ ማለት ነው። በእነዚህ 16 ዓመታት ውስጥ የኢትዮጵያ እናቶች ኃጢአት ከግማሽ በላይ ቀነሰ እንዴ? አይደለም። ክትባቱ ተስፋፋ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እስከ ገጠር ቀበሌ ገባች፤ የሳንባ ምችና የተቅማጥ መድኃኒት ቀረበ። ብዙ ሕፃናትን ይገድል የነበረው ይህ በሽታ፣ ያለ ቀኑ መወለድና በወሊድ ጊዜ መታፈን ነበር፤ ዛሬም ይኸው ነው።

ሾተላይን እንውሰድ። ልጅ እየተወለደ የሚሞትባት እናት «ሾተላይ አለባት» እየተባለች ስትታማ ኖራለች። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ግን ሾተላይ የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ የደም ዓይነት አለመስማማት ነው። የእናት ደም አር ኤች ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ደም ፖዘቲቭ ሲሆን የእናት ሰውነት የፅንሱን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይዋጋዋል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ የሚጎዱት ቀጥለው የሚፀነሱት ናቸው። በእርግዝና ጊዜና ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ በሚሰጥ መርፌ መከላከል ይቻላል። ውርጃ ካጋጠመም መርፌው ስለሚያስፈልግ ሐኪም መጠየቅ ነው። ስንት እናት በማታውቀው የደም ዓይነት ስትወቀስ ኖረች!

ፅንስ የወረደባትም እናት እንዲሁ ናት። «እንስራ ተሸክሜ ነው፤ ተናድጄ ነው፤ ያማረኝን ሳልበላ ቀርቼ ነው» ትላለች። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ከሚወርደው ፅንስ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው ገና ከመፀነሱ ጀምሮ በአፈጣጠሩ ላይ ባለ ጉድለት መሆኑን ሐኪሞች ይናገራሉ። በንዴትም በአምሮትም አይደለም።

ሦስቱን ሸክሞች መለየት

እኅቴ ሆይ! አሁን አንቺን ብቻ ላነጋግርሽ። በልብሽ ያለው አንድ ሸክም ይመስልሻል፤ ግን ሦስት ሊሆን ይችላል። ሲለያዩ ይቀላሉ።

አንደኛው ሐዘን ነው። ሐዘን ኃጢአት አይደለምና ንስሐ አይገባበትም። ፍቅር ነው። የምትወጂው ስለሌለ ያለቅሳል። ጊዜ ስጪው። ሰልስቱ ወጣ፣ አርባው ወጣ ብለሽ ራስሽን አትቸኩዪ።

ሁለተኛው የማይገባ ጸጸት ነው። «ያን ዕለት ቀድሜ ብነቃ፤ ወደ ሌላ ሐኪም ቤት ብወስደው፤ ትኩሳቱን ቀላል ነው ባልል» የሚለው ነው። ዛሬ የምታውቂውን ያን ዕለት አታውቂም ነበር። ያን ዕለት በነበረሽ እውቀትና በነበረሽ ገንዘብ የምትችዪውን አድርገሻል። ይህ ጸጸት የሚያስቸግረው ኃጢአት ስላልሆነ ይቅርታ የሚያገኝበት ቦታ በማጣቱ ነው፤ እንደ ዝንብ ዞሮ ዞሮ ይመለሳል። መድኃኒቱ በቃል ማውጣት ነው። ለንስሐ አባትሽ አንድ በአንድ ንገሪያቸው። «ልጄ፣ ይህ በደል አይደለም» የሚለውን ቃል ከካህን አፍ ስሚ። ለራስሽ ብቻሽን ስትፈርጂ ከሳሽም ዳኛም አንቺው ሆነሻልና ፍርዱ አይቀናም።

ሦስተኛው እውነተኛ በደል ነው። ይህ ሁሉም ላይ የለም፤ ካለ ግን መሸሸግ አይጠቅምም። ሕፃኑን በቸልታ የተወች፣ ወይም በፈቃዷ ፅንስ ያስወረደች እናት ትኖራለች። ቤተ ክርስቲያን ይህ ኃጢአት መሆኑን አትሸሽግም፤ ይቅር የማይባል ነው ግን አላለችም። በመስቀል ላይ ያለ ወንበዴ በመጨረሻዋ ሰዓት የተማረባት ሃይማኖት ናት! ስንት ዓመት ቢያልፍም ለንስሐ አባትሽ ተናገሪ። ቀኖናሽን ተቀበዪ፤ ፈጽመሽም ወደ ቅዱስ ቊርባን ቅረቢ። ከዚያ በኋላ ያንኑ ኃጢአት እያነሡ ራስን መግረፍ ትሕትና አይደለም፤ የተሰጠውን ይቅርታ አለመቀበል ነው። በድህነት ወይም በሰው ግፊት ያደረግሽው ከሆነ እርሱንም ንገሪያቸው፤ ካህኑ ቀኖና የሚሰጡት ሁሉን ሰምተው ነው።

ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን

ብዙዎችን ሌሊት የሚያስነሣቸው ይህ ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች። እናትም እስከዚያ ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም። ሕፃኑ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ሲሞት እናት ሐዘኗ ገና ትኩስ ሳለ ገብታ የምታለቅስበት ቅጽር የላትም። ካህናት አባቶቻችን ሆይ! እርሷ መምጣት የማትችልበት ጊዜ ነውና እባካችሁ ሂዱላት። ቤቷ ገብታችሁ ጸልዩላት፤ ጠበል እርጩላት።

እርጉዝና አራስ የሆናችሁ ይህን እወቁ። ሕፃኑ ታሞ ለሞት የሚያሰጋ ከሆነ ቀኑ ሳይሞላ እንዲጠመቅ ሥርዓታችን ይፈቅዳል፤ ሳትዘገዩ ካህን ጥሩ። ይህን ሳታውቂ ወይም ሳይደርስልሽ ልጅሽ ያለፈብሽ እናት ግን በዚህ ራስሽን አትግደዪ። ጥምቀቱን ንቀሽ አልተውሽውም። ፍርዱ ሕፃናትን ወደ እኔ ይመጡ ዘንድ ተዉአቸው ያለው ጌታ ነው (ማቴ. 19፥14)፤ ከአንቺ ይልቅ ልጅሽን የሚወደው እርሱ ነው። ስለ ሕፃኑ ነፍስ ከጎረቤት ፍርድ አትቀበዪ፤ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ።

ጾም ራስን መቅጣት አይደለም

በዚህ ወራት አንዳንድ እናቶች «ለልጄ ስል» እያሉ እስከ ማታ ሳይቀምሱ ይውላሉ፤ ማታም ባዶ ሆዳቸውን ይተኛሉ። ጾም ወደ እግዚአብሔር መቅረቢያ ነው እንጂ ራስን መበቀያ አይደለም። ንጉሥ ዳዊትን እዩት። ልጁ በታመመ ጊዜ ሰባት ቀን ጾመ፤ በመሬት ላይ ተኛ። ልጁ በሞተ ጊዜ ግን ተነሥቶ ታጠበ፤ ልብሱን ለወጠ፤ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገብቶ ሰገደ፤ ከዚያም እንጀራ በላ። እኔ ወደ እርሱ እሄዳለሁ እንጂ እርሱ ወደ እኔ አይመለስም ብሎ በተስፋ ተነሣ። አራስ ከሆንሽ ወይም ከታመምሽ ስለ ጾሙ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ የሚሉሽንም ስሚ።

ሌላም ነገር አለ። ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣሽ፣ ምግብ ከጠላሽ፣ የቀሩትን ልጆችሽን ማየት ካስጠላሽ፣ ይልቁንም «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ይህ የእምነት ማነስ አይደለም። የሚታከም ሕመም ሊሆን ይችላል። ለባለቤትሽ ወይም ለእናትሽ ዛሬውኑ ንገሪ፤ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂጂ። ጠበሉንም አትተዪ፤ ጠበልና ሕክምና አይጣሉም፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ናቸው።

ለቅሶ ለምንደርስ

የኢዮብ ወዳጆች አሥር ልጆች የሞቱበትን ወዳጃቸውን ሊያጽናኑ መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት በመሬት ተቀመጡ (ኢዮ. 2፥13)። እስከዚህ ድረስ ደግ ለቀስተኞች ነበሩ። የተሳሳቱት አፋቸውን ከፍተው «ሳትበድል አይቀርም» ማለት ሲጀምሩ ነው። እግዚአብሔርም በመጨረሻ የተቆጣው በእነርሱ ላይ ነው (ኢዮ. 42፥7)።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ «ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» አንበል። ልጅ በልጅ አይተካም፤ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ነፍስ ነው። «ሕፃን ነው፣ ምን ያስለቅሳል?» አንበል። ለሕፃን ብዙ ጊዜ ድንኳን አይተከልም፤ ለቀስተኛውም በማግሥቱ ይበተናል። ለእናት ግን የድንኳኑ ማነስ ሐዘኗን አያሳንሰውም። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለን እንቀመጥ። ልብሷን እንጠብላት፤ ቡና እናፍላላት፤ ትልልቆቹን ልጆች ትምህርት ቤት እናድርስላት። ስም የወጣለት ልጅ ከሆነ ስሙን እንጥራላት። ሰው ሲረሳው እርሷ ብቻዋን እንዳታስታውሰው።

ባሎችም ስሙ። ወንድ አያለቅስም ተብላችሁ ከቤት ወጥታችሁ የምታመሹ አላችሁ። ሚስት ግን «ቀየመኝ፤ እኔን ነው ጥፋተኛ የሚያደርገኝ» ብላ ታስባለች። «በአንቺ አይደለም» የሚለውን ቃል ከእናንተ አፍ መስማት ያስፈልጋታል። አንድ ቀን ሳይሆን ደጋግማችሁ በሏት።

ሰይፍ ያለፈባት እናት

በመጨረሻ ወደ ስደተኛዋ እናት እንመለስ። በቤተ ልሔም ሌሊት ከሰይፍ ያመለጠው ልጇ በቀራንዮ ግን በዓይኗ ፊት ተሰቀለ። አረጋዊው ስምዖን ሰይፍ በነፍሷ እንደሚያልፍ አስቀድሞ ነግሯታል (ሉቃ. 2፥35)። በመስቀሉ አጠገብ ቆማ አየችው (ዮሐ. 19፥25)።

ልጅ ማጣት የእናት ኃጢአት ምልክት ቢሆን ኖሮ ኃጢአት የሌለባት ድንግል ማርያም በመስቀሉ ሥር ምን ታደርግ ነበር? እኅቴ ሆይ፣ ይህን ያዢ። ማንም «በኃጢአትሽ ነው» ቢልሽ፣ የገዛ ልብሽም እንኳ ቢልሽ፣ ሥዕሏ ፊት ቆመሽ ይህን አስቢ። ልጇን የቀበረች እናት ፊት ቆመሽ ማፈር የለብሽም፤ ስትነግሪያት ይገባታል። በነቢዩ መጽሐፍ የራሔል ልቅሶ ተጽፎ አልተቋረጠም፤ ወዲያው ተከትሎ ልጆቿ ከጠላት ምድር እንደሚመለሱ፣ ለፍጻሜዋም ተስፋ እንዳለ ተነግሯታል (ኤር. 31፥16-17)። የእኛም ተስፋ በሦስተኛው ቀን የተነሣው ልጇ ነው።

ልጆቻቸውን ያጡ እናቶችን ሁሉ እግዚአብሔር ያጽናናልን። የሕፃናቱን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር አሜን።